አንድ ብዬ የቆጠርኳቸው አራት ምስክሮች

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ሥራዬ የሕክምና ሙከራዎችን ውጤት ማስላት ነው። ሐኪሞች አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው ይሻል እንደሆነ ይሞክራሉ፣ እኔ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር እታገላለሁ። በምጠቀምበት የቤይዝ ስሌት ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ገና አንድ በሽተኛ እንኳ ሳናይ ስለ መድኃኒቱ ምን እናምናለን? እምነታችንስ ምን ያህል ጽኑ ነው? ይህን በቁጥር አስቀምጠን ቅድመ ግምት እንለዋለን። ወጣት ባልደረቦቼ አንድ ቅድመ ግምት ለመምረጥ ሳምንት ሲፈጅብኝ እያዩ ይስቁብኛል። "እትዬ፣ ለልጅዎ ባል እየመረጡ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ይሳቁ። እነሱ መካነ ሰላም አልነበሩም።

በዘመቻው ዓመት ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ንጉሡ ወርደዋል፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቷል፣ ተማሪው ካኪ ለብሶ በየገጠሩ ተበትኗል። ጓደኞቼ ፊደል ለማስቆጠርና ስለ መሬት ለማስረዳት ሲመደቡ፣ እኔ የሒሳብ ተማሪ መሆኔ ታውቆ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የተራቡ ሰዎች መጠለያ መዝገብ ያዥ ተደረግኩ። በሬዲዮ ርሃቡ አልፏል ይባል ነበር። እኛ ጋ ግን ሰው ከአባይ በረሃ ሽቅብ እየወጣ፣ ከለጋምቦ ውርጭ ደግሞ ቁልቁል እየወረደ ይመጣ ነበር። ጠዋት መዝገቤን ይዤ በሁለቱ ዳሶች መካከል ስዞር የመጀመሪያው ሥራዬ የሞቱትን ስም መሰረዝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማልቀስ አቆምኩ። የበረታሁ መስሎኝ ነበር።

መጠለያው አንድ ሐኪም ብቻ ነበረው፤ ዶክተር ታደለ። ከእኔ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ቢበልጥ ነው። ዘመቻው አንቱታን አስቀርቶት ስለነበር ሁላችንም አንተ እንለው ነበር። ከእሱ ሌላ ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስና እሸቴ የሚባል ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበሩ። ዶክተሩ ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ፣ የራሱን ራሽን ለታማሚ የሚሰጥ ደግ ሰው ነበር። ግራ ያጋባው ነገር ልጆቹ ወተት እያገኙም መሞታቸው ነው። የዱቄት ወተት በጆንያ መጥቶልን ነበር። እሱን አወፍረን ጠግበው እንዲጠጡ እናድርግ ወይስ አቅጥነን በትንሽ በትንሹ እንስጥ? ዶክተሩ የሚያምነው በወፍራሙ ነው። የተራበ ልጅ የጎደለው ምግብ ስለሆነ ምግብ ይሰጠው ባይ ነበር። ነገር ግን ልቡ አላረፈለትም፣ ስለዚህ ሙከራ ጀመረ።

አዲስ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣ ይወጣለታል። መጀመሪያ ባቄላና ሽምብራ በጣሳ አድርገን ነበር፤ ባቄላ የደረሰው ወፍራሙን፣ ሽምብራ የደረሰው ቀጭኑን ይጠጣል። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሳው ባዶ ሆኖ አገኘነው። እናቶቹ ዕጣውን ለልጆቻቸው አጉርሰውታል። በርሃብ አገር የሚበላ ነገር ዕጣ ማድረግ የእኛ የተማርነው ሰዎች ብልሃት ነበር። በማግስቱ በጠጠር ተካነው፤ ጥቁሩ ለወፍራሙ፣ ነጩ ለቀጭኑ።

ሁለት ድስት ማፍላት የቻልነው ግን ለስድስት ቀን ብቻ ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው እንጨት የሚያመጣልን መኪና ጭቃ ውስጥ ቀረ። ዶክተሩ በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተሰልቶ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ልጅ የተሻለውን አንዱን ወተት ብቻ ይጠጣል ብሎ ወሰነ። መዳን መሞታቸው በውል የታወቀው ልጆች ግን በየወገኑ ስምንት ስምንት ብቻ ነበሩ። በስምንት ልጅ ምን ማለት ይቻላል ብሎ ሲጨነቅ እኔ ጥልቅ አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህር ቁጥር ሲያንስ ቀድሞ የነበረን እውቀት መደመር እንደሚቻል አስተምረውን ነበር። ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሐኪም "ከአስር ልጅ ስምንቱ ይድናል ብዬ አምናለሁ" ቢል፣ አስር የሌሉ ልጆች ፈጥረን ስምንቱን ዳኑ ብለን እንጽፋለን። ከዚያ እውነተኞቹን ልጆች እንደምርባቸዋለን። የአንድ ሰው ቃል ስንት የሌለ ልጅ ያህል ይመዝናል የሚለው ነው ዋናው ጣጣ። እኔ ለእያንዳንዱ ምስክር አስር አስር ሰጠሁ። ዶክተሩም በሐሳቡ በጣም ተደሰተ።

ምስክሮቼ ፊት አስር ጠጠር እየደረደርኩ የሚተርፉትን ልጆች አንሱ እላቸው ነበር። ዶክተሩ፣ ሲስተር አልማዝና እሸቴ ሦስቱም ለወፍራሙ ስምንት፣ ለቀጭኑ አምስት አነሱ። ከሰፊው ሕዝብ ተማሩ ተብለን የዘመትን ነንና አራት ሽማግሌዎችም ጠየቅኩ። ከለጋምቦ የመጡትን አባባ ይመርን፣ ከማሻ በኩል የመጡ አንዲት ባልቴትን፣ ከአባይ አፋፍ የመጡ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይንና አንድ የቆላ ሸማኔን ነበር የጠየቅኩት። አራቱም ክፉ ቀን ያዩት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አራቱም ለወፍራሙ ሁለት፣ ለቀጭኑ ስምንት አነሱ። የተራበ ሆድ በጥጋብ ይሞታል፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚከፈተው አሉኝ፤ ቃላቸው እንኳ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም ይሄ ከአንድ አፍ የወጣ የድሮ ወሬ ነው፣ ዳስ ውስጥ ሲጨዋወቱ ተቀባበሉት ብዬ አራቱን እንደ አንድ ምስክር ቆጠርኳቸው። አንዱን ወሬ አራት ጊዜ አለመቁጠሬ ትልቅ ጥንቃቄ መስሎኝ በራሴ ኮራሁ።

አባባ ይመር መጠለያው የገቡት ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ከቤታቸው የተረፈችላቸው የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ዘይነባ ብቻ ናት። አባቷን ሰይድን መንገድ ላይ ቀብረው መጥተዋል። ዘይነባ ስትገባ አንገቷን ማቅናት ያቅታት ነበር። ነጭ ጠጠር ደረሳትና ቀጭኑን እየጠጣች በሁለተኛው ቀን ቀና ብላ ተቀመጠች። ያን ዕለት ጠዋት እርሳሴን ነጥቃኝ አልሰጥም ብላ በግድ ነው ያስጣልኳት። መዳን መሞቷ ገና ስላልታወቀ በድምሩ ውስጥ አልገባችም።

ከሰዓት በኋላ ሸራ ሥር ተቀምጬ ደመርኩ። ከስምንቱ እውነተኛ ልጆች ወፍራሙን ከጠጡት አራት፣ ቀጭኑን ከጠጡት ስድስት ተርፈዋል። የሌሉትን ልጆች ስጨምርባቸው ግን ከአርባ ስምንት ልጅ በወፍራሙ ሠላሳ፣ በቀጭኑ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ወፍራሙ በአንድ ልጅ በለጠ ማለት ነው። ያ አንድ ልጅ ደግሞ ፊት የለው፣ ስም የለው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ አልኩት። አልዋሸሁም፣ ድምሩ ልክ ነበር።

ዶክተሩ ሁለቱን ዳስ ዞሮ ውሳኔውን ተናገረ፤ እሸቴም የቀጭኑን ድስት ደፋው። አባባ ይመር በትራቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም።

"አንቺ ልጅ፣ ዘይነባ እየዳነችልኝ አይደለም ወይ? ለምን ትነኳታላችሁ?"

"አባባ፣ ሒሳቡ ወፍራሙ ይሻላል አለ። ለእሷው ብለን ነው።"

"እኔ የነገርኩሽስ? ሒሳቡ ውስጥ አለሁበት?"

"አሉበት፤ አራታችሁም አላችሁበት።"

"ስንት ተብለን?"

መዋሸት አልሆነልኝም። እናንተ አራታችሁ እንደ አንድ፣ ሐኪሙና ሁለቱ ረዳቶቹ እንደ ሦስት ሰው ተቆጥራችኋል አልኳቸው። ምክንያቱንም ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው እያስረዘምኩ ነገርኳቸው፤ አራታችሁም አንድ ዓይነት ነገር ስለተናገራችሁ ከአንድ ቦታ የሰማችሁት ነው ብዬ።

አባባ ይመር መሬት መሬቱን አዩ። "ወላሂ አጂብ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አንድ ዓይነት የተናገርነው እኮ አንድ ዓይነት ስላየን ነው። እኒያን ሰዎች እዚህ ዳስ እስክገባ ድረስ በዓይኔም አላውቃቸው።" ቀና ብለውም፣ "ሐኪሞቹስ ሦስቱም አንድ ዓይነት አልተናገሩሽም ወይ?" አሉኝ።

"እነሱ የተማሩ ናቸው" አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ የሚያሳፍር ነገር ተናግሬያለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን የለኝም።

ከዚያ ወጣት ሳሉ ስላዩት ክፉ ቀን ያጫውቱኝ ጀመር። ለጋምቦ ውስጥ አንዲት ባለጸጋ ሴት ለተራበ ሰው የገብስ አጥሚት ያስፈሉ ነበር፣ ድስቱን የሚያማስሉትና የሚያድሉት አባባ ይመር ናቸው። መጀመሪያ በገበታ፣ በትልቁ የእንጨት ሳህን፣ ሙሉ አድለው ሰው እንደ ቅጠል ረገፈባቸው፤ ኋላ በፍንጃል ሲያደርጉት ተረፈ። ፍንጃል የሚሉት እኔ ሲኒ የምለውን ነው። ጠዋት አንድ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ፣ እንዲያ እያሉ እስኪመሽ። እኔ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው፤ የሚጻፍ ብዙ ወረቀት ነበረብኝ። በመጨረሻ ለመኑኝ።

"እሺ፣ ወፍራሙም ይሁን። ብቻ በፍንጃል ላጠጣት። ሌላ ምንም አልልሽም።"

እሺ ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር። ደንቡ ግን ሙሉ ጣሳ ይላል፣ አንድ ሰው ከደንቡ ሲወጣ ደግሞ መዝገቤ ይዘበራረቃል። ቁጥሩ ይበላሻል አልኳቸው። "ቁጥሩ" አሉና በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ዘይነባ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ጣፈጣት። ጨምሩልኝ አለች፣ እሸቴም ደስ ብሎት ጨመረላት። አፏ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ ሳቀችልኝ፤ እኔም አባባ ይመርን ያዩ እንደሆነ ብዬ ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ዱዓ ያደርጉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ስገባ ሽታው አስቀድሞ ነገረኝ። ቀጭኑን ሲጠጡ ደህና የነበሩት ልጆች ሁሉ ተቅማጥ ይዟቸዋል። ዘይነባ ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ስሟን ብጠራት አላየችኝም። አባባ ይመር ግን አዩኝ። ትናንት ስለ ሐኪሞቹ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት አልተናገሩሽም ወይ ብለው የጠየቁኝ በዚያች ሰዓት ገና ገባኝ።

ሲስተር አልማዝን ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። ወፍራሙ ይሻላል ያልሽው ከምን ተነስተሽ ነው አልኳት። "ዶክተር ነግሮኝ ነዋ፣ ከየት አመጣዋለሁ?" አለችኝ። እሸቴም ሐኪሙ ያለውን እንደደገመ ሳያፍር ነገረኝ፣ የሚያፍርበትም ነገር የለውም። ዶክተሩ አንድ ሕፃን ደረት ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። አንተስ ከየት ነው ያመንከው ስለው ተማሪ ሳለ አንድ ገጽ የማትሞላ ነገር ማንበቡን ነገረኝ።

"እዚህ ከመምጣትህ በፊት እንዲህ የተራበ ልጅ ስንት አክመሃል?"

ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። "አንድም" አለኝ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጥኩ፤ ትናንት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፣ ያዩት የት ነው፣ ማንን ነው እያልኩ። የማሻዋ ባልቴት ሁለት ወንድሞቻቸውን ነው ያጡት፤ ርሃቡ ያልገደላቸውን ዘመድ ቤት ገብተው የጠገቡ ዕለት። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ያዩት ተዝካር ላይ ነው፤ ከየአገሩ የተሰደደው ሰው በልቶ ጠግቦ፣ ከቅጥሩ ሳይርቅ ወድቆ ሲሞት እሳቸው ራሳቸው ቆፍረው ቀብረውታል። ሸማኔው ያዩት ቆላ ገበያ ላይ ነው። አገሩም፣ ሰዉም፣ ዓመቱም የተለያየ ነው። አራት ምስክሮች ነበሩኝ፤ አንድ አደረግኳቸው። ከሐኪሞቹ በኩል ግን የነበረኝ አንድ ምስክር ነው፤ እሱም ያላየ፣ ያነበበ ብቻ።

እንደገና ደመርኩ። ሐኪሞቹን አንድ፣ ሽማግሌዎቹን አራት ሳደርግ ከአምሳ ስምንት ልጅ ወፍራሙ ሃያ፣ ቀጭኑ አርባ ሦስት ሆነ። ልጆቹም አልተለወጡም፣ የመደመሪያው መንገድም አልተለወጠም። ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበው። ወጣና የወፍራሙን ድስት በገዛ እጁ ደፋው። ከዚያ "ሂጂ፣ ከከተማ ፍንጃል ሰብስቢ" አለኝ።

መካነ ሰላምን ቤት ለቤት ዞርኩ። ሱቅ ያላቸውም፣ የቢሮ ሠራተኞችም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ሰጠኝ። ፍንጃል በሞላ ቅርጫት ይዤ በጭቃው ስሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ስደርስ ቀጭኑ ወተት ፈልቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሞልቼ ለአባባ ይመር ሰጠኋቸው። የዘይነባን ከንፈር በጣታቸው ከፍተው ጠብ አደረጉላት፤ በጉንጯ ወረደ። እንደገና ሞከሩ። እየደጋገሙ ሞከሩ። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲጣራ ዘይነባ ሞተች። ያን ዕለት ሌሎች ሦስት ልጆችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ግን በፍንጃል የጠጡት አብዛኞቹ ተረፉ፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ልጽፈው ግን አልፈልግም፤ ለእሷ ማካካሻ እንዳይመስልብኝ።

ከቀብር መልስ መዝገቤን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዕጣዋ ነጭ ነው፣ የገደላት ግን የጥቁሩ ጠጠር ወተት ነው። ከየትኛው ወገን ልጻፋት? ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ በአንድ ሰዓት አስረዳለሁ፣ የታወቀ መልስም አለው። ያን ዕለት ግን ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አንባቢዬ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነኝ ብል ይበዛብኛል፤ ትዕቢቴ ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሥራዬን የምሠራበት መንገድ ግን ተለውጧል። ታዋቂ ሐኪሞች ስለ አንድ መድኃኒት አንድ ድምፅ ሲሆኑልኝ ደስ አይለኝም፤ ማን ነገራችሁ፣ ለነገራችሁስ ማን ነገረው እያልኩ አደርቃቸዋለሁ። ያልተማረ ሰው ያየሁት ነው ሲለኝ ስንት አዩ ብዬ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስንቱንም ሰምቼ ጥርጣሬ ሲኖረኝ ቅድመ ግምቴን አላልቶ መያዝ እመርጣለሁ፤ እውነተኞቹ በሽተኞች ሲናገሩ እንዲገለበጥ። ያኔ ስምንቱና ስምንቱ ልጆች በደካማ ድምፃቸው እውነቱን እየነገሩኝ፣ የሌሉ ልጆች ድምፅ እንዲውጣቸው የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ስሌት አይታመንም ከሚሉኝ ሰዎች ጋር ግን አልስማማም። ያጠፋው ስሌቱ አልነበረም። ማን ምስክር እንደሆነ የወሰንኩት እኔ ነበርኩ፣ የወሰንኩትም በሰው ልብስና በሰው ንግግር ነው። እናንተም ስታቲስቲክስ ባታውቁ በየቀኑ ይህን ታደርጋላችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ የማን ቃል ስንት እንደሚቆጠር እስቲ አስቡት።

ከቀብሩ ማግስት ረፋድ ላይ አባባ ይመር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ተነሣሁ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በበትራቸው አገዱኝ። "ተይ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። እሳቸውም ድንጋይ ስበው ተቀመጡ።

"አሁንስ ስንት ተብዬ ተቆጠርኩ?"

"አስር ልጅ ያህል፣ አባባ።"

"ያየሁት ከዚያ ይበልጣል። ጻፊ።"

የልባቸውን ያኔ ነው የተረዳሁት። በዚያ በጥንቱ ክፉ ቀን ከእጃቸው አጥሚት የተቀበሉትን ሰዎች በስም ይጠሩልኝ ጀመር። ስም ከነአባቱ፣ መንደሩ፣ በገበታ ነው ወይስ በፍንጃል፣ ሞተ ወይስ ተረፈ። አንዱን ሲረሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፣ እኔም እጠብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ ወረቀቴ አልቆ የወተት ጆንያ ወረቀት ላይ መጻፍ ቀጠልኩ። ዶክተሩ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ አዳመጠና ሄደ። ጥላው ሲረዝም አባባ ይመር በትራቸውን አነሱ። ጨረሱ ብዬ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል፣ "አንድ ቀርታለች" አሉኝ።

"ዘይነባ ሰይድ። ለጋምቦ። መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ፣ ኋላ በጣሳ ሙሉ። ሞተች።"

እንደነገሩኝ ጻፍኩት።